የመሥሪያ ቤታችሁ የጥቆማ ሥርዓት እውነት ይሠራል? ከፋይሉ እስከ ሰውየው እንዴት እንደሚገመገም

አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለ ጥቆማ ሥርዓቱ ሲጠየቅ የሚያሳየው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፣ የተፈረመበት መመሪያ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስልክ ቁጥር፣ ኮሪደር ላይ የተሰቀለ ሳጥን፣ የሥልጠና ፎቶ። መኖራቸው ጥሩ ነው ግን ሥርዓቱ ይሠራል ማለት አይደለም። ለኔ ግምገማው መመለስ ያለበት ሁለት ጥያቄ ነው፣ የተጠቆመው ጉዳይ የት ደረሰ? የጠቆመው ሰውስ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ነው ያለው? ሌላው ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለመመለስ የሚሰበሰብ መረጃ ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ አንድ ነገር ላንሳ። እንግሊዝ ውስጥ ጎስፖርት ዎር ሜሞሪያል በሚባል የመንግሥት ሆስፒታል ነርሶች እ.ኤ.አ. በ1991 ዲያሞርፊን የሚባለው ኃይለኛ የህመም ማስታገሻ ለማያስፈልጋቸው ህመምተኞች ጭምር እየተሰጠ ነው ብለው ተናገሩ፣ ስብሰባ ተጠራ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ከዚያ ነገሩ እዚያው ተዳፈነ። እ.ኤ.አ. በ2018 ገለልተኛ አጣሪ ቡድን ባወጣው ሪፖርት ከ1989 እስከ 2000 ባለው ጊዜ ከ450 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው እንዳጠረ ተገለጸ። ልብ በሉ፣ የሚናገር ሰው ጠፍቶ አይደለም፣ ተናግረዋል፣ ለዛውም በጊዜው። የጠፋው ሰምቶ የሚያደርግ ነው። እና ግምገማችሁ "ሰው የሚናገርበት መንገድ አለ ወይ" ላይ ካቆመ ዋናውን ነገር ሳያይ ነው የሚያልፈው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጥቆማ የሚቀበለው ክፍል ራሱን በራሱ ገምግሞ ጥሩ ነን ቢል ማንም አያምነውም። ገምጋሚው ከሥነ ምግባር ክፍሉም፣ ከሰው ሀብቱም፣ ከሕግ ክፍሉም ውጪ ቢሆን ይመረጣል። የውስጥ ኦዲት ሊሠራው ይችላል፣ ግን ኦዲቱ ራሱ ጥቆማ የሚያጣራ ከሆነ ያው የራሱን ሥራ ነው የሚገመግመው፣ እንደዛ ከሆነ ከሌላ መሥሪያ ቤት ሰው አምጡ። ሪፖርቱ የሚቀርበው ደግሞ ለቦርድ ወይም ለኦዲት ኮሚቴ መሆን አለበት እንጂ ለአንድ ኃላፊ ብቻ አይሁን፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ራሱን ኃላፊውን የሚነካ ሊሆን ይችላል።

የምትሠሩበትን ሥልጣን በደብዳቤ አስጽፉት። ደብዳቤው ውስጥ ሦስት ነገር በግልጽ ይግባ፦ የተዘጉ ፋይሎችን ጨምሮ ሁሉንም የማየት፣ የሠራተኞችን የግል ማኅደር የማየት፣ እና ማንኛውንም ሠራተኛ አለቃው ሳያውቅ የማነጋገር። በቃል "ችግር የለም ታያላችሁ" የተባለ ነገር የመጀመሪያው ከባድ ፋይል ላይ ስትደርሱ "እሱ እንኳን ሚስጥራዊ ነው" ይሆናል።

ሌላው፣ ለያንዳንዱ ጠቋሚ ኮድ ስጡ። ስምና ኮዱን የሚያገናኘው ዝርዝር አንድ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ የሥራ ማስታወሻችሁ ላይ፣ ኤክሴላችሁ ላይ፣ ቴሌግራም ላይ ስም አይግባ። ቃለ መጠይቅ ስታደርጉም አዲስ ጥቆማ የሚነግራችሁ ሰው መኖሩ አይቀርም፣ ሰው እስካሁን የሚሰማው አጥቶ ነበርና እናንተን ሲያገኝ ይዘረግፈዋል፣ ያን ጊዜ ምን እንደምታደርጉ፣ ለማን እንደምታስተላልፉና በማን ፈቃድ እንደሆነ ቀድማችሁ ወስኑ፣ ለሰውየውም ገና ሳይጀምር ንገሩት። የማትችሉትን ጥበቃ ቃል አትግቡለት።

1. መመሪያውን አንብቡ፣ ግን እዚያ ላይ ጊዜ አትፍጁ

አንድ ቀን ይበቃዋል። የምታዩት ይሄን ነው፦ መመሪያው የሚሸፍነው ቋሚ ሠራተኛን ብቻ ነው ወይስ ኮንትራት ሠራተኛን፣ ተለማማጅን፣ የለቀቀ ሠራተኛን፣ የአቅራቢና የኮንትራክተር ሠራተኛንም? ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የአሜሪካው የጠፈር መንኩራኩር ቻሌንጀር እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1986 ከተነሳ በ73 ሴኮንድ ሰባት ሰው ይዞ ሲወድም፣ ስለ ሮኬቱ መገጣጠሚያ ጎማ ማሸጊያ አደጋ ከወራት በፊት በጽሑፍ ያስጠነቀቀው ሮጀር ቦይስጆሊ የናሳ ሠራተኛ አልነበረም፣ የኮንትራክተሩ መሐንዲስ ነበር። ዋናውን ነገር የሚያውቀው ሰው ከግቢያችሁ ውጪ ሊሆን ይችላል፣ መመሪያችሁ ደግሞ እሱን አያውቀውም።

ቀጥሎ፣ የተጠቆመው ሰው የበላይ ኃላፊው ራሱ ቢሆን ጥቆማው ወዴት ይሄዳል? መልሱ መመሪያው ላይ ከሌለ ትልቅ ቀዳዳ ነው። ወደ ውጪ አካል መሄድ እንደሚቻልስ ይናገራል? ስም አለመግለጽና ሚስጥር መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንስ ለይቷል? በመጀመሪያው እናንተም ማን እንደሆነ አታውቁም፣ በሁለተኛው ታውቃላችሁ ግን አትናገሩም። ብዙ መመሪያ ሁለቱን ቀላቅሎ ሠራተኛውን ያሳስተዋል። እንዲሁም ገና ገጽ አንድ ላይ "በሐሰት የጠቆመ በሕግ ይጠየቃል" የሚል ማስፈራሪያ በደማቅ ከተጻፈ፣ ሰው ማስረጃው ሙሉ ካልሆነ አፉን እንዲዘጋ እየተነገረው ነው። ከጠቋሚ የሚጠበቀው ባየው ነገር ተነስቶ እውነት ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት እንዲኖረው ነው፣ ማጣራት የናንተ ሥራ ነው።

ለማነጻጸሪያ የሀገራችሁን ሕግ ቅድሚያ ስጡት፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አይሶ 37002 የሚባለው ዓለም አቀፍ የጥቆማ አያያዝ መመሪያ አለ፣ መተማመንን፣ ገለልተኝነትንና ጥበቃን መሠረት አድርጎ ጥቆማን ከመቀበል እስከ መዝጋት ደረጃ በደረጃ ያስቀምጣል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው የጠቋሚዎች ጥበቃ ሕግም ቁርጥ ያለ ቀነ ገደብ አለው፦ ጥቆማው መድረሱን በ7 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ ከዚያ በ3 ወር ውስጥ ምን እንደተደረገ መልስ መስጠት። እናንተ ባትገደዱበትም እንደ መለኪያ ይጠቅማል።

2. መንገዱን ራሳችሁ ሞክሩት

ስልኩን ደውሉ። ያነሳል? በየትኛው ሰዓት? ያነሳው ሰው መጀመሪያ የጠየቀው ስም ነው ወይስ ጉዳዩን? ኢሜይሉን ላኩ፣ ተመልሶ ይመጣ ይሆን? የዚያ ኢሜይል ፓስወርድ ስንት ሰው ጋ ነው ያለው፣ የአይቲ ክፍሉ ገብቶ ማንበብ ይችላል? ጸሐፊዋስ? ሳጥኑ ደግሞ የት ነው የተሰቀለው፣ ካሜራ ሥር? የዳይሬክተሩ በር ላይ? ቁልፉን የያዘው ማነው፣ መጨረሻ የተከፈተው መቼ ነው፣ ሲከፈት ስንት ሰው ይገኛል፣ ይፈራረማሉ? አቧራው ራሱ ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

የሙከራ ጥቆማ መላክ ከፈለጋችሁ ከቦርዱ አንድ ሰው ቀድሞ ይወቅ፣ እውነተኛ ሰው የሚከስስ ነገር ግን አትፍጠሩ። በቅርብ የተቀጠሩ፣ ጥበቃ ላይ ያሉ፣ ጽዳት ላይ ያሉ፣ ቅርንጫፍ ላይ ያሉ ሰዎችን ደግሞ "አንድ ትክክል ያልሆነ ነገር ብታዩ ለማን ትናገራላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ዋናው መሥሪያ ቤት ያለ ሰው የሚያውቀውን ስልክ ቅርንጫፍ ያለው ጭራሽ ሰምቶት አያውቅም ይሆናል።

3. መዝገቡንና ቁጥሮቹን

መጀመሪያ ጥቆማ የሚገባባቸውን በሮች በሙሉ ዘርዝሩ፣ የሥነ ምግባር ክፍል፣ ኦዲት፣ ሰው ሀብት፣ ሕግ ክፍል፣ የኃላፊው ቢሮ፣ የሠራተኛ ማኅበር። ከዚያ የየራሳቸውን መዝገብ አንድ ላይ አስተያዩ። ኦዲት ጋ የገባ ጥቆማ ማዕከላዊ መዝገቡ ላይ ከሌለ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። ቅሬታና ጥቆማ መለየታቸውንም እዩ፣ "ዕድገት ተከለከልኩ" የግል ቅሬታ ነው፣ "የዕድገት ኮሚቴው ገንዘብ እየተቀበለ ነው" ጥቆማ ነው፣ ሁለተኛውን እንደ ቅሬታ መዝግቦ ለሰው ሀብት መምራት የተለመደ የማዳፈኛ መንገድ ነው።

ዜሮ ጥቆማን እንደ ንጽሕና ማስረጃ የሚያቀርብ ኃላፊ ታገኛላችሁ። አትቀበሉት። ብዙ ግዢ የሚፈጽም፣ ብዙ ሠራተኛ ያለው ክፍል ለዓመታት አንድም ጥቆማ ካልመጣበት የመጀመሪያ መልሳችሁ "ለምን?" መሆን አለበት። እንዲሁ ቁጥሩ ጨመረ ብላችሁም አትደንግጡ፣ እምነት ሲጨምር ጥቆማም ይጨምራል። ከጠቅላላ ቁጥሩ ይልቅ ስማቸውን ገልጸው የሚጠቁሙት ሰዎች ድርሻ ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሚሄድ ብታዩ ይሻላል፣ እሱ እየወረደ ስም የለሹ ብቻ እየበዛ ከሆነ ሰው ፈርቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ጊዜውን ስታሰሉ በአማካይ አትታለሉ። ለምሳሌ 10 ፋይል አለ እንበል፣ 9ኙ በ10 ቀን ተዘጉ፣ አንዱ 400 ቀን ፈጀ፣ አማካዩ 49 ቀን ይመጣል፣ እሱ ግን ለዘጠኙም ለአንዱም እውነት አይደለም። በቅደም ተከተል ደርድሩና የመሃለኛውን ውሰዱ፣ የዘገየችውን አንዷን ደግሞ ለብቻዋ አውጥታችሁ ማን ላይ የቀረበች እንደነበረች እዩ። ብዙ ጊዜ የዘገየው ፋይል የትልቅ ሰው ፋይል ነው። ያልተዘጉትንም አትርሱ፣ የተዘጉትን ብቻ የሚቆጥር ሪፖርት የሚያምረው የከበዱትን ውጪ ስለተወ ነው።

4. ፋይል አንስታችሁ እስከ ጫፍ ተከተሉ

የግምገማው ልብ እዚህ ነው፣ ካላችሁ ጊዜ ትልቁን እዚህ ላይ አውሉት። ፋይሎቹን በዕጣ ብቻ አትምረጡ። በዕጣ የወጡት ላይ ጨምሩበት፦ "በማስረጃ እጥረት" ተብለው የተዘጉ፣ ከፍተኛ ኃላፊ ላይ የቀረቡ፣ ስም የለሾች፣ እና ጠቋሚው ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱን የለቀቀባቸው።

እያንዳንዱ ፋይል ላይ ወረቀቶቹን በቀን ደርድሩ። ማን ተቀበለው፣ ማን አነበበው፣ ማን መራው፣ ማን አጣራው፣ ማን ዘጋው። መሪ ማስታወሻዎቹን፣ በእጅ የተጻፉትን ጭምር፣ አንድ በአንድ አንብቡ። አንድ ዓይነት ደብዳቤ አለ፣ ደጋግሜ ስላየሁት ነው የምነግራችሁ። ርዕሱ "የግዢ ባለሙያ በሆኑት በአቶ እገሌ የቀረበ ጥቆማን ይመለከታል" ይላል። መሃሉ ላይ "ጉዳዩ በሚመለከተው ክፍል ተጣርቶ ውጤቱ እንዲገለጽልን" ይላል። ከታች ማኅተም፣ ፊርማ፣ ከዚያ ግልባጭ፦ ለግዢ ዳይሬክቶሬት። በቃ። በአንድ ገጽ የጠቋሚው ስም ለተጠቆመው ክፍል ደረሰ፣ የማጣራቱ ሥራም ለዚያው ለተጠቆመው ተሰጠ፣ መዝገብ ቤት ያለፈበት ሁሉ ደግሞ አነበበው። ይሄን የጻፈው ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል፣ የለመደውን የደብዳቤ ፎርማት ነው የተጠቀመው፣ ጉዳቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ ግልባጮቹን በሙሉ ፈትሹ፣ ስሙ ስንት ቦታ እንደሄደ ቁጠሩ። ስም ባይኖርም ሰውየውን የሚያሳውቅ ዝርዝር እንዳለ እዩ፣ "በስብሰባው ላይ ከነበሩት ሦስት ባለሙያዎች አንዱ" ማለት ስሙን ከመጥራት አይለይም።

ማጣራቱንስ? አጣሪው ከተጠቆመው ሰው ጋር የአለቃና የበታች ግንኙነት አለው? ጠቋሚውን መልሶ አነጋግሮታል ወይስ የመጀመሪያዋን ወረቀት ብቻ ይዞ ነው የሄደው? ሰነድ ፈልጓል ወይስ ተጠቋሚውን ጠርቶ "አድርገሃል?" "አላደረኩም" ተባብለው ተዘጋ? የተጠቆመው ሰውም መብት አለው፣ የመሰማት ዕድል ማግኘቱን፣ ገና ሳይጣራ ስሙ አለመጥፋቱን እኩል ፈትሹ። "ማስረጃ አልተገኘም" የሚል ማጠቃለያ ካያችሁ የሚቀጥለው ጥያቄያችሁ "ተፈልጎ ነበር?" ይሁን። ከዚያ ጥፋቱ በተረጋገጠባቸው ላይ ምን ተወሰነ፣ ውሳኔውስ ተፈጽሟል? ገንዘቡ ተመለሰ? አሠራሩ ተቀየረ? ለጠቋሚውስ መልስ ተሰጠው? መልስ ያላገኘ ሰው ሁለተኛ አይመጣም፣ ጓደኞቹም እንዳይመጡ ይመክራቸዋል።

5. ጠቋሚው ምን ሆነ

በቀል ሁልጊዜ ስንብት አይደለም። እንደዛማ ቢሆን ለማግኘት ቀላል ነበር። ብዙውን ጊዜ በወረቀት ሲታይ ሕጋዊ የሚመስል ነገር ነው፦ "ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል" የተደረገ ዝውውር፣ ለዓመታት ከፍተኛ ሲሞላ የነበረ የሥራ አፈጻጸም ድንገት መካከለኛ መሆን፣ ከሥልጠና ዝርዝር መውጣት፣ የኮንትራት አለመታደስ፣ የፈቃድ መከልከል፣ ጥቃቅን ማስጠንቀቂያዎች፣ ስብሰባ ላይ አለመጠራት፣ ሥራ ሳይሰጡ ወንበር ላይ ማስቀመጥ።

የምታደርጉት እንዲህ ነው። የጠቋሚውን የግል ማኅደር ከጥቆማው በፊት አንድ ሁለት ዓመት፣ ከጥቆማው በኋላ ደግሞ አንድ ሁለት ዓመት ውሰዱና ጎን ለጎን አስቀምጡት። ከዚያ እዚያው ክፍል፣ እዚያው ደረጃ ላይ ያሉ ያልጠቆሙ ሰዎችን ማኅደር ለማነጻጸሪያ ጨምሩ። ሁሉም ከተዛወሩ ዝውውሩ የአሠራር ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ብቻ ከተዛወረ ግን ማብራራት ያለበት መሥሪያ ቤቱ ነው። የአውሮፓው ሕግም በክርክር ላይ የማስረዳት ሸክሙን ወደ አሠሪው ነው የሚያዞረው፣ እርምጃው ከጥቆማው ጋር ግንኙነት እንደሌለው አሠሪው ያሳይ ይላል። ማኅደር ስትጠይቁ የጠቋሚዎቹን ብቻ ለይታችሁ አትጠይቁ፣ ለመዝገብ ቤቱ ማን እንደጠቆመ እየነገራችሁት ነውና፣ ሰፋ ያለ ዝርዝር ጠይቁና የሚፈለጉት እዚያ ውስጥ ይካተቱ።

ከዚያ ሰዎቹን፣ የለቀቁትንም ጨምሮ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ አነጋግሩ። ከቢሮ ውጪ፣ እነሱ በመረጡት ቦታና መንገድ። "ዛሬ ቢሆን ደግመህ ትጠቁም ነበር?" የሚለው ጥያቄ ከየትኛውም ቁጥር የበለጠ ይነግራችኋል። ታሪካቸውን በትዕግሥት ስሙ፣ ለአንዳንዶቹ ይሄ ጤናቸውንና ቤታቸውን የነካ ነገር ነው።

6. ያልተናገሩትን ጠይቁ

መዝገቡ የሚያሳያችሁ የተናገሩትን ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ የተቀመጠውን የምታገኙት በሰርቬይ ብቻ ነው። አጭር ይሁን፦ ባለፈው አንድ ዓመት ትክክል ያልሆነ ነገር አይተዋል? ለሰው ተናግረዋል? ለማን? ካልተናገሩ ለምን? ከተናገሩ በኋላ ምን ተደረገ? "ሥርዓቱን ያምኑታል?" ብቻ ብላችሁ ብትጠይቁ ሰው ለጥንቃቄ አዎ ይላል፣ የሠራውን ስትጠይቁት ግን እውነቱ ይወጣል። ያዩትንና የተናገሩትን አስተያዩ፣ ለምሳሌ ካዩት 100 ሰዎች የተናገሩት 30 ከሆኑ ሰባዎቹ የዘረዘሩት ምክንያት የሥራ ዕቅዳችሁ ነው። ምክንያቱ "የት እንደምናገር አላውቅም" ከሆነ በማስተዋወቅ ይፈታል፣ "ምንም አይደረግም" ወይም "ይበቀሉኛል" ከሆነ ግን መቶ ፖስተር ብትለጥፉ አይፈታም።

ሰርቬዩ ስምም የሥራ መደብም አይጠይቅ፣ ከ10 ሰው በታች የሆነ ክፍል ውጤት ለብቻው አይውጣ፣ በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ገብቶ የሚሞላ ከሆነ ማንም እውነቱን አይጽፍም።

የቅርብ አለቆችንም ለብቻ ፈትሹ። ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚናገረው ለቅርብ አለቃው ነው እንጂ ለስልክ መስመሩ አይደለም። ቡድን መሪዎቹን ሰብስባችሁ አንድ ሁኔታ ስጧቸው፣ "አንዲት ሠራተኛ መጥታ የነዳጅ ኩፖን እየተሸጠ ነው አለችህ፣ በሚቀጥለው አንድ ሰዓት ምን ታደርጋለህ?" መልሱ "ማስረጃ አምጪ እላታለሁ" ወይም "ሰውየውን ጠርቼ እጠይቀዋለሁ" ከሆነ ችግሩን አገኛችሁት።

ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን ለሚላችሁ ኃላፊ፣ የማጭበርበር መርማሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት ከተጠኑት የማጭበርበር ጉዳዮች 43 በመቶው የተደረሰበት በጥቆማ ነው፣ ከጥቆማዎቹም ከግማሽ በላይ የመጡት ከሠራተኞች ነው። ኦዲት ብቻውን አይደርስበትም።

7. ላይ ያሉት ምን አደረጉ

የማኔጅመንትና የቦርድ ቃለ ጉባኤዎችን አንብቡ። የጥቆማ ሪፖርት ሲቀርብ ምን ጠየቁ? "ማነው የጠቆመው?" የሚል ጥያቄ ቃለ ጉባኤ ላይ ካገኛችሁ ሪፖርታችሁ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይግባ። የባርክሌይስ ባንክ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ጄስ ስቴሊ ስም ሳይገለጽ የተላከን ደብዳቤ ማን እንደጻፈው ለማወቅ ስለሞከረ እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ ተቆጣጣሪዎች 642,430 ፓውንድ ተቀጥቷል። መሥሪያ ቤታችሁ ባንክ ባይሆንም ፈተናው ያው ነው፣ ኃላፊ ስለ ጉዳዩ ሳይሆን ስለ ሰውየው ሲያጣራ ሥርዓቱ እዚያው ይሞታል።

8. ውጤቱን ስትሰጡ

ነጥብ ደምራችሁ ለሰባት አታካፍሉ። መመሪያ 10 ከ10፣ ሥልጠና 9፣ ጥበቃ 2 ብሎ አማካዩን "ጥሩ" ማለት ውሸት ነው። እኔ ሁለት የማይታለፉ መስፈርቶች አደርጋለሁ፣ አንድ የተረጋገጠ በቀል ተገኝቶ ሳይስተካከል ከቀረ፣ ወይም የጠቋሚ ስም ለተጠቆመው ሰው ከደረሰ፣ ሌላው ምንም ያህል ቢያምር ሥርዓቱ አይሠራም ተብሎ ይጻፍ።

ሪፖርቱ ራሱ ሰው እንዳያጋልጥ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው "ተጠቋሚው ሆኜ ላንብበው" ብሎ ያንብበው፣ ማን እንደጠቆመ መገመት ከቻለ ያ አንቀጽ ይቀየር። ምክረ ሐሳቦቹ ስምና ቀን ይኑራቸው፣ "ትኩረት ይሰጠው" የሚባል ነገር አይጻፍ፣ "ከዚህ ቀን ጀምሮ የጥቆማ ደብዳቤ በመዝገብ ቤት አያልፍም፣ ኃላፊነቱ የእገሌ ነው" ይባል። የተጎዳ ጠቋሚ ካለ ወደ ቦታው መመለሱ፣ የተቀነሰበት ነጥብና የቀረበት ጥቅም መስተካከሉ ከምክረ ሐሳቦቹ መጀመሪያ ላይ ይግባ፣ የሚቀጥለው ጠቋሚ እሱን ነው የሚያየው። ሠራተኛውም የግምገማውን ውጤት በአጭሩ ይስማ፣ ሰርቬዩን ሞልቶ ምንም ካልሰማ በሚቀጥለው አይሞላም።

ከስድስት ወር በኋላ ተመለሱና መጀመሪያ የመረጣችኋቸውን ፋይሎች ደግማችሁ አውጡ፣ አዳዲስ ግልባጮች ገብተውባቸው ይሆናል፣ ያነጋገራችኋቸውንም ሰዎች ደህንነት ጠይቁ፣ ከናንተ ጋር በመነጋገራቸው የደረሰባቸው ነገር ካለ በቀጥታ ለቦርዱ ይቅረብ።